ዓሣ ከፍራፍሬ ጋር፦ ለእራት ቀላል፣ ለጤና ተስማሚ

በብዙ አገሮች ሥጋን ከፍራፍሬ ጋር ጋግሮ ለእራት ማቅረብ የተለመደ ነው። አውሮፓውያን ለዚህ የአሳማ ሥጋና ፖም ይጠቀማሉ። በእኛ ዘንድ ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ አሳማ ስለማይበላ፣ በጅቡቲ ከተማ በቅርብ የሚገኘውን ዓሣ እንመልከት።

የከተማው የመናውያን ምግብ ቤቶች ዓሣውን ከመሃል ሰንጥቀው፣ በቅመም አሽተው በሸክላ ምድጃ ይጋግሩታል። አብሮት የሚቀርበው ሙክባዛ ደግሞ ትኩስ ቂጣ ከሙዝ ወይም ከቴምርና ከማር ጋር ተፈትፍቶ የሚሠራ ነው። ይህንኑ በቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ለአምስት ሰው የሚያስፈልጉ ነገሮች
- 1 ኪሎ የጸዳ ዓሣ
- 2 ሎሚ፣ 2 ሽንኩርት፣ 3 ቲማቲም
- ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ እርድ፣ በርበሬና ጨው
- 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- 3 የበሰለ ሙዝ ወይም 10 ቴምር
- ለቂጣ የሚሆን የስንዴ ዱቄት

አሠራር
1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዓሣውን በቅመሙ፣ በጨውና በአንድ ሎሚ ጭማቂ እሹት።
2. በድስት ውስጥ ዘይት አድርጋችሁ ሽንኩርትና ቲማቲም ከትፋችሁ አንጥፉ። ትንሽ ውኃ ጨምሩና ዓሣውን ከላይ አስተኙ።
3. ኦቭን ከሌለ፣ እንደ ድፎ ዳቦ እሳት ከታችም ከላይም ይደረግ፤ ድስቱን በብረት ክዳን ከድናችሁ ክዳኑ ላይ ፍም አድርጉ። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ሥጋው ነጥቶ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ በስሏል።
4. ቂጣውን በትኩሱ ቆራርሳችሁ ከተፈጨው ሙዝ ወይም ቴምር ጋር ፈትፍቱት።
5. ሁለተኛውን ሎሚ ሲቀርብ ጭመቁበት። ቫይታሚን ሲ በእሳት ስለሚጎዳ መጨረሻ ላይ ቢጨመር ይሻላል።

ይህ ምግብ ለምን ይጠቅማል?
ዓሣ ሰውነት ይገነባል። ሎሚና ዓሣ ደግሞ በምስርና በአተር ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት እንዲወሰድ ይረዳሉ፤ ይህም ደም ማነስን ለመከላከል በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ይጠቅማል። ዓሣ በሌለበት ቀን ምስር ወጥ ላይ ሎሚ ጭመቁ። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ።

ጥንቃቄ
- ዓሣ በማለዳ ግዙ። ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ መሆን አለበት። በተለይ ቱናና መሰሎቹ በሙቀት ከቆዩ ሂስታሚን የተባለ መርዝ ይፈጠርባቸዋል። ይህ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ከበሉ በኋላ ፊት ከቀላ፣ ምላስ ካቃጠለ፣ ራስ ካመመ ወይም ልብ በፍጥነት ከመታ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።
- የጅቡቲ በጋ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። በዚህ ሙቀት የተረፈውን ያለ ማቀዝቀዣ ከ1 ሰዓት በላይ አታቆዩ፤ የሚበላውን ያህል ብቻ ሥሩ።
- ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ፈጽሞ አትስጡ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ሙዙን ያለ ማር ፈጭቶ፣ ዓሣውን ያለ ጨውና ያለ በርበሬ አብስሎ አጥንቱን በሚገባ ለቅሞ መስጠት ይቻላል።
- ከሰል ከቤት ውጭ አንድዱ። በዝግ ክፍል ውስጥ ከፍም የሚወጣው ጋዝ ሽታ የሌለው ሲሆን የተኛን ቤተሰብ ሊገድል ይችላል። ከእራት በኋላ ፍሙን ለማሞቂያም ሆነ ለቡና ወደ ክፍል አታስገቡ።

በጎ ፈቃደኞች በየቤቱ ስትዞሩ በተለይ ስለ ማርና ስለ ከሰል የተጻፈውን ማንበብ ለማይችሉ እናቶች በቃል አስረዱልን።

መልካም እራት!