ተጨማሪ መረጃ፦ ማሻሻያ የተቋረጠበት ኮምፒውተር

በላሊበላም ሆነ በሌላ የላስታ ከተማ፣ ቤታችሁ ያለው ኮምፒውተር ዛሬም በዊንዶውስ 7 ወይም 10 ይሠራ ይሆናል። ማይክሮሶፍት ግን ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ድጋፉ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ሥራ አያቆምም፤ አዲስ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ ግን ሳይደፈን ይቀራል።

ምን ይደረግ?

• የኮምፒውተሩን ሲስተም (ዊንዶውሱን) ከመቀየራችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ።

• የቆዩ የአማርኛ ጽሑፎችን ለብቻ ፈትሹ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቀደምት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የየራሳቸውን ኮድ ስለሚጠቀሙ፣ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። ፎንቱን አብራችሁ አስቀምጡ፤ ጽሑፉንም ወደ ዩኒኮድ ለውጡ።

• ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ይህን ለማያሟላ ኮምፒውተር እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነጻ ሲስተም አማራጭ ነው።

• ኢንተርኔት ቢደክምም፣ «ማሻሻያ ነው» ተብሎ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፋይል አትጫኑ። ማሻሻያ የሚወሰደው ከአምራቹ ነው።