የዓመቱ ምርጥ ፊልም ጥሊሊ የሚደርሰው መቼ ነው?

ከቡሬ ወደ እንጅባራ የሚወስደው አስፋልት ጥሊሊን አቋርጦ ያልፋል። አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱ ጋቢ አያስጥልም። የተሳፈርንበት መኪና ጎማ ሊቀይር ሲቆም ዝናቡን ለማሳለፍ የተጠጋሁበት ሱቅ በሩ ላይ «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ውስጥ ጥቂት ወጣቶች አንዲት የደብተር ቅጠል ከበው ይከራከራሉ። ቅጠሏ ላይ በእስክሪብቶ ሠንጠረዥ ተሰምሯል፤ በግራ የፊልም ስም፣ ከላይ የመራጮች ስም፣ መሀሉ ላይ ነጥብ። ዓመት ሊለወጥ ሲል የዓመቱን ምርጥ ፊልም መምረጥ ልማዳቸው እንደሆነ ነገሩኝ።

የተጣሉት በ«ቁራኛዬ» ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ፍርድ ፍለጋ የሚጓዙበትን የጥንት ሥርዓት የሚተርከው የሞገስ ታፈሰ ፊልም አዲስ አበባ ከታየ ቆይቶ ነው እነሱ ጋ የደረሰው። ገሚሶቹ አንደኛ ይሁን አሉ። ሌሎቹ ያለፈ ዓመት ፊልም ነው፣ ከዘንድሮ ዝርዝር ይውጣ ብለው ድርቅ አሉ። አንዲት ልጅ ክርክሩን ቆረጠችው፦ «አዲስ አበባ ሲታይ እኛ አላየነው። ያላየሁትን እንዴት ብዬ ባለፈው ዓመት ልምረጠው? አሁን አየሁት፣ አሁን እመርጠዋለሁ።»

ጎማው ተቀይሮ መንገድ ብንቀጥልም ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። በአገራችን የዓመቱ ፊልም ይሸለማል፣ ይወደሳል፣ ይተቻል። ግን የዓመቱን ፊልም በዓመቱ የማየት ዕድል ያለው ማነው? ጥያቄው ጎትቶ ወደ ጥሊሊ መለሰኝ።

የምርጫቸው ደንብ ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ አምስት ፊልም ይጽፋል፤ አንደኛ ያለው አምስት ነጥብ፣ አምስተኛ ያለው አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ ይደመራል። ችግሩ የሚመጣው ድምሩ ላይ ነው። ሁሉም ያየው መካከለኛ ፊልም ሁለት ሰው ብቻ ያየውን ግሩም ፊልም ይበልጠዋል። ስለዚህ አንድ ሕግ ጨመሩ፦ ከመራጮቹ ግማሾቹ ያላዩት ፊልም ለውድድር አይቀርብም። ያላየ አይፈርድም፣ ያልታየም አይፈረድበትም። ማንኛቸውም ቅጂው ያላቸው ለሌሎቹ የማድረስ ግዴታ አለባቸው። በዚህ ምክንያት ምርጫው ከመድረሱ በፊት ያሉት ሳምንታት ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞርባቸው ናቸው።

ወጣቶቹ ያውቁት አያውቁት፣ ዓለም ሁሉ የሚጨቃጨቅበት ጉዳይ ላይ ነው የቆሙት። ለኦስካር የሚወዳደር ፊልም ለረጅም ዘመን በሎስ አንጀለስ አውራጃ ቢያንስ ለሰባት ተከታታይ ቀን ለከፋይ ተመልካች መታየት ነበረበት። «ዓመቱ» የሚለካው በአንድ ከተማ ሲኒማ ቤት ነበር ማለት ነው። የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የዘመናትን ምርጥ ፊልም ያስመርጣል። የመጀመሪያውን «የብስክሌት ሌቦች» አሸነፈ፤ ከ1962 እስከ 2002 «ሲቲዝን ኬን» ቦታውን ሳይለቅ ቆየ፤ በ2012 «ቨርቲጎ» ተካው። በ2022 የመራጮቹ ቁጥር ከ1,600 በላይ ሆነ፤ ቀድሞ ከ30ኛ በታች የነበረው የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» አንደኛ ወጣ፤ ሴት የሠራችው ፊልም በዚያ ምርጫ ቀዳሚ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ፊልሞቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው መራጩ ነው። መራጩ ሲሰፋ ምርጡም ይለወጣል።

በእኛ አገር መራጩ ለምን እንደጠበበ ለመረዳት የሲኒማ ቤቶቻችንን ካርታ ማየት ያስፈልጋል። ፊልም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀደም ብሎ የተከፈተውን ማሳያ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር በብዙ ተጽፏል። በወረራው ዘመን ጣሊያን ሹማምንቱና ወታደሩ በሰፈሩባቸው ትልልቅ ከተሞች ሲኒማ ቤት ሠራ፤ የጎንደር ፒያሳው እስከ ዛሬ ቆሟል። ጣሊያን ቢሮና ካምፕ ያልከፈተባቸው፣ በመንገድ ዳር ያሉ የገበያ ከተሞች ከካርታው ውጭ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የመጣ መንግሥት ሁሉ ያንኑ ካርታ ወረሰ።

የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. በላምብሮስ ጆካሪስ ተሠርቶ ለዕይታ ሲበቃ የታየው በእነዚሁ ጥቂት አዳራሾች ነው። የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ተከተለ። የሰለሞን በቀለ ወያ «አስቴር» የመጣው የደርግ ሥርዓት በተለወጠበት ጊዜ አካባቢ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» በቪዲዮ የተቀረጸ ፊልም ሲኒማ ቤት ሊሞላ እንደሚችል ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሴባስቶፖል፣ ዓለም ሲኒማ፣ ኤድና ሞል ውስጥ ማቲ ተከፈቱ፤ ነባሮቹ አምባሳደርና ሲኒማ ኢትዮጵያም በአማርኛ ፊልም ሰልፍ ደመቁ። ግን አዲሶቹም ዋና ከተማ ውስጥ ናቸው። ከዚያ ውጭ ያለው ተመልካች ቪሲዲው እስኪወጣ፣ ኋላም ዩቲዩብ ላይ እስኪጫን ይጠብቃል።

ታላላቆቹ ሥራዎቻችንም ከዚህ አላመለጡም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወሰደ፤ በተከታዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን የወርቅ ፈረስ ተቀበለ። የዘረሰናይ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስም በርሊንም የተመልካቾች ሽልማት አገኘ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የመክፈቻ ትዕይንቱ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ተቋረጠ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ለካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ፈረንሳይ ቀድማ አየችው።

«ጤዛ»ን ስጠቅስ አንድ ጡረታ የወጡ የጥሊሊ መምህር ፊታቸው በራ። አዲስ አበባ ለሥራ ሄደው አይተውት ነበር። ሲመለሱ ለተማሪዎቻቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደተረኩላቸው ነገሩኝ። «ልጆቹ የፊልሙን ባለታሪክ አንበርብርን እንደ ጎረቤት ሰው ያውቁት ነበር» አሉኝ። «ፊልሙን ያዩት ግን ከስንት ዓመት በኋላ ነው። አንዱ ተማሪዬ ‹መምህር፣ እርስዎ የነገሩን ይሻላል› አለኝ። ደስ አላለኝም። እኔ ልተርክላቸው አይገባም ነበር፤ ማየት ነበረባቸው።»

የጥሊሊ ወጣቶች ምርጫ አዲስ አበባ ከሚመርጠው ይለያል ወይ? ይለያል። ለምን እንደሚለይ ደግሞ ከባለ ሱቁ የበለጠ ያስረዳኝ የለም። ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ጣቱ ከኮምፒውተሩ፣ አፉ ከጨዋታው የማይነጠል ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ እኛ ፊልም የምናየው እንደ ታላቅ ወንድም ልብስ ነው» አለኝ። «እሱ ለብሶ ሲጠበው ለእኛ ይወርዳል። ቢሆንም ስናየው ዝም ብለን አይደለም። የገጠር ፊልም ብለው ሲያመጡ እኔ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። ሞፈር ይዞ አያውቅም፤ መዳፉ ይናገራል። ፈረስ ላይ ሲወጣማ አይጣል ነው! ልጓሙን ሲይዝ ፈረሱ ራሱ ይታዘበዋል። የኛ አገር ሰው ፊት እንዲህ አድርገህ ፈረስ ትቀመጣለህ?»

ቀልድ ይመስላል እንጂ ትችት ነው፤ ያውም ከሚመለከተው ሰው የመጣ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሺህ የሚቆጠር ፈረስ ይሰለፋል። በዚህ አካባቢ ያደገ ልጅ የፈረስ አቀማመጥን የሚመዝንበት ዓይን የትኛውም የሽልማት ዳኛ ጋ ላይገኝ ይችላል። ባለ ሱቁ ሌላም ነገር አነሳ፦ «በቋንቋችን በአዊኛ ዜና እንሰማለን፣ ዘፈን እንሰማለን። ፊልም ግን? እናቴ ፊልም ስታይ መሀል ላይ ትጠይቀኛለች፤ እኔ እየተረጎምኩ እሷ የምታለቅስበት ቦታ ያልፋል። በቋንቋዋ አንድ ፊልም ቢሠራላት የዓመቱ ምርጥ ብዬ ሳላይ እፈርምለታለሁ።» ልጅቷ ወዲያው አረመችው፦ «ሳታይማ አትፈርምም፣ ደንቡን ራስህ ነው ያወጣኸው።»

ስለ ንግዱ ስጠይቀው ዓይኑን አልሰበረም። ፊልም በፍላሽ መጫን ሕጋዊ እንዳልሆነ ያውቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። «ሲኒማ ቤት ቢኖር በሩ ላይ ትኬት እቆርጥ ነበር» አለኝ። «እኔን ሌባ ያደረገኝ ርቀቱ ነው።» አዲስ አበባ ያገኘሁት የፊልም ሠሪ በዚህ አይስማማም። ቤቱን አስይዞ ተበድሮ የሠራው ፊልም ሲኒማ ላይ እያለ በፍላሽ መዞሩን ሰምቶ ዳግም ካሜራ ለመንካት እንደዘገነነው ነግሮኛል። ሐዘኑ ተገቢ ነው። ክፍለ ሀገር ለምን አታሳይም ስለው ግን መልሱ አጭር ነበር፦ «የት?»

የት የሚለውን የሚመልስ ፍለጋ ሄድኩ። እንደ ብዙ የወረዳ ከተማ ሁሉ ጥሊሊ ውስጥም የስብሰባ አዳራሽ አለ፤ ወንበር አለው፣ ጣሪያ አለው፣ ብዙ ቅዳሜና እሑድ ባዶውን ይውላል። ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ አንድ ኃላፊ ዘንድ ገብቼ አዳራሹ ለፊልም ሊከፈት ይችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በጽሑፍ ይምጣ አሉ። በጽሑፍ አመጣሁ። ከበላይ አካል መነጋገር ያስፈልጋል አሉ። ስልክ ስደውል ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በኋላ ስልኩ መነሳቱን ተወ። ይቻላልም አይቻልምም አላሉም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የፊልም ፖሊሲ ማጽደቁን አስታውሼ ጠይቄያቸው ነበር፤ ጥያቄው ማስታወሻቸው ላይ ሰፍሯል፣ መልሱ ግን የለም።

የዝምታው ዋጋ ደግሞ እየከበደ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ሲሰፋ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ በዩቲዩብ መምጣት የጀመረውም ፊልም ቀረ። ልጆቹ የያዙትን አሮጌ ቅጂ እየደጋገሙ አይተው ምርጫቸውን አላቋረጡም። ፊልም ሠሪው ግን ከእነሱ አንድም ብር አላገኘም፤ እነሱም አንዱንም ፊልም በጊዜው አላዩም። ሁለቱም ወገን ከስሯል።

ጉማ ሽልማት በ2006 ዓ.ም. በዮናስ ብርሃነ መዋ መሥራችነት ተጀምሮ ፊልማችን በዳኛ ፊት ቆሞ ተመዘነ። የለዛ ሬዲዮ ዝግጅት ሽልማት ደግሞ አድማጭ እንዲመርጥ ዕድል ከፈተ። ቀጣዩ እርምጃ አስቸጋሪ አይደለም። ለመጨረሻ ዙር የሚታጩ ፊልሞች ሽልማቱ ከመድረሱ በፊት በጥቂት የወረዳ ከተማ አዳራሾች በተመጣጣኝ ትኬት ይታዩ፤ ገቢው ለፊልም ሠሪው ይግባ፤ ተመልካቹም እዚያው ድምፅ ይስጥ። የሚያስፈልገው ፕሮጀክተር፣ ነጭ ሸራ፣ ጄኔሬተርና የአዳራሹን ቁልፍ የያዘ ሰው ፈቃድ ነው። መራጭ በጥሊሊ ሞልቷል፤ ደንብ አውጥቶ፣ ነጥብ ቆጥሮ፣ ያላየውን አልፈርድም ብሎ ይጠብቃል። ይህን ያህል ለፍርድ የሚጠነቀቅ ተመልካች ሳይጠየቅ የሚሰጥ የዓመቱ ምርጥ የሚል ማዕረግ የጥቂት ሲኒማ ቤቶች ምርጫ እንጂ የአገር ምርጫ ሊባል አይችልም።