ስልክ ላይ ያማረው ፎቶ ወረቀት ላይ ለምን ይደበዝዛል?

ከጓደኞቻችሁ ጋር "በየሳምንቱ አንድ ፎቶ አንስቶ፣ ቤት አትሞ ማምጣት" የሚል ቻሌንጅ ልትጀምሩ ነው? አሪፍ ሀሳብ! ስልክ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ የታተመው ፎቶ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ከመካከላችሁ አንዱ ባለቀለም ፕሪንተር ካለው ይበቃል። ግን ቀለሙም ወረቀቱም ውድ ስለሆነ እንዳይባክንባችሁ ዋና ዋናውን እንንገራችሁ፦

📌 ፎቶውን በፋይል ላኩ። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩት ጥራቱ ይቀንሳል። ስክሪን ላይ ባይታወቅም ወረቀት ላይ ያስታውቃል። ስክሪንሾትማ ጭራሽ አይሞከርም!

📌 ፒክስሉን እዩ። 10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ ጥርት ብሎ እንዲወጣ 1200 በ1800 ፒክስል ገደማ ይፈልጋል።

📌 ቀድማችሁ ክሮፕ አድርጉ። የብዙ ስልኮች ፎቶ 4 ለ3 ነው፤ ይሄ ወረቀት ግን 3 ለ2። ስልኩን አጋድማችሁ ያነሳችሁትን የግሩፕ ፎቶ ፕሪንተሩ በራሱ ከቆረጠው፣ ከኋላ የቆመው ረጅሙ ጓደኛችሁ ጭንቅላቱ ሊቀር ይችላል 😄

📌 ብርሃኑን ትንሽ ጨምሩ። ስክሪን የራሱ ብርሃን አለው፤ ወረቀት ግን የለውም። ስለዚህ ሲታተም ጠቆር ይላል።

📌 የፎቶ ወረቀት ተጠቀሙ፤ ፕሪንተሩ ሴቲንግ ላይም የወረቀቱን ዓይነት ምረጡ። ሳይደርቅ አትንኩት፣ አትደራርቡት።

ሁሉንም ከማተማችሁ በፊት አንዷን ብቻ ሞክራችሁ እንድታዩ እንመክራለን።

እናንተ ከስልካችሁ የትኛውን ፎቶ ታትሙ ነበር? ኮመንት ላይ ንገሩን፤ ለግሩፓችሁም ሼር አድርጉ።