ካሜራን በወገብ ስለ መሸከም

በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች ከሩዋንዳ እስከ ቦሌ መድኃኔ ዓለም የሚመላለስ ሰው፥ ሙሽራና ሙሽሪት ከመኪና ሲወርዱ ፊት ፊታቸው ወደ ኋላ እየተራመደ ፊልም የሚያነሣውን ሰው ሳያይ አይቀርም። እልልታው ይቀልጣል፥ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ፤ እርሱ ግን ካሜራውን በሁለት እጁ ወደ ፊት እንደ ዘረጋ ይውላል። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ፊልሙን የሚያየው ቤተ ዘመድ «ይንቀጠቀጣል» ወይም «አይንቀጠቀጥም» ብሎ ይፈርዳል እንጂ፥ ያ ሁሉ ክብደት በማን ጀርባ ላይ እንደ ዋለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም ካሜራን በሰውነት ላይ ለመሸከም የተሠሩት መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩ ለውድ አንባብያን ለመግለጽ አሰብሁ። መሣሪያዎቹ ሁሉ ለኛ አንድ ይመስሉናል፤ ዳሩ ግን አንዱ የሚያድነውን ሕመም ሌላው አያድንም።

በመጀመሪያ ሥዕል ስለ ምን እንደሚንቀጠቀጥ እንመልከት። ሰው ሲራመድ ሰውነቱ በየእርምጃው ከፍና ዝቅ፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝም ይላል። እኛ ይህን አናስተውለውም፤ ዓይናችንና በጆሮአችን ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስ ከአንጎላችን ጋር ተባብረው ያርሙልናልና። ካሜራ ግን የደረሰበትን ሁሉ ይመዘግባል። በዛሬዎቹ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ማረጋጊያም ትንሹን የእጅ መንቀጥቀጥ ይቀንሳል እንጂ የእግርን ዝላይ ጨርሶ አያጠፋም።

ስለዚህ በቀድሞ ዘመን የሲኒማ ሰዎች ካሜራውን በሦስት እግር ላይ ይተክሉት፥ ወይም ሐዲድ ዘርግተው በጋሪ ይገፉት፥ ወይም በመኪና ላይ ይጭኑት ነበር። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲጨርስ በጎዳናው ላይ አብሮት የተጓዘው ካሜራ በመኪና የተጫነ ነበር። መኪና ግን ደረጃ አይወጣም፥ በሕዝብም መካከል አይሽሎከሎክም።

ይህን ችግር የፈታው ጋሬት ብራውን የሚባል አሜሪካዊ ነው። «ስቴዲካም» የተባለውን መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሠርቶ ጨረሰ። መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው «ባውንድ ፎር ግሎሪ» በሚባለው ፊልም ነው፤ እዚያም ብራውን መሣሪያውን እንደ ለበሰ ከከፍታ በክሬን ወርዶ፥ ፊልሙ ሳይቋረጥ በሕዝቡ መካከል እየተራመደ አለፈ። ይሁን እንጂ በሲኒማ ቤት ቀድሞ የታየው ሌላ ፊልም ነው፤ እርሱም በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1976) መጀመሪያ ላይ የወጣው «ማራቶን ማን» ነው። የፊልሙ ባለ ታሪክ ማራቶን የሚለማመድ ተማሪ ሲሆን፥ አርአያው የኛው አበበ ቢቂላ ነው፤ የአበበም ሩጫ በፊልሙ ውስጥ ይታያል። አበበ ካረፈ ያን ጊዜ 3 ዓመት ሆኖት ነበር። ስለዚህ የዓለም ሕዝብ የዚህን መሣሪያ ሥራ መጀመሪያ ያየው የአበበ ሩጫ ባለበት ፊልም ነው ማለት ነው፤ ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኛል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በፊላደልፊያ ደረጃ ላይ የሚሮጠው ቦክሰኛ ያለበት «ሮኪ» ተከተለ። ብራውንም እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ፈጠራው የኦስካር ሽልማት ተሰጠው።

የአሠራሩን ምሥጢር ለመረዳት ማንም ተማሪ በቤቱ ሊሞክር ይችላል። አንድ ዱላ ከመካከሉ ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ አዙሩት፤ በቀላሉ ይዞራል። ከዚያ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ እኩል ድንጋይ እሰሩና እንደገና ሞክሩ፤ ዱላው ለመዞር እንቢ ይላል። በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተማርነው፥ ክብደቱ ከመካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር እንቢታው አራት እጥፍ ይሆናል። ስቴዲካምም እንዲሁ ነው። በአንድ ዘንግ ራስ ላይ ካሜራው ይቀመጣል፤ በግርጌው ባትሪውና መመልከቻው ቴሌቪዥን ይታሰራሉ። የዘንጉ መያዣ በክብደቱ ማዕከል አጠገብ፥ ከማዕከሉ በጥቂቱ ከፍ ብሎ የተሠራ ሲሆን፥ ጂምባል በሚባል በሁሉም አቅጣጫ በሚዞር መጋጠሚያ የተያዘ ስለ ሆነ የእጅ መጠምዘዝ ወደ ካሜራው አያልፍም። ሚዛኑ መስተካከሉን ለማወቅ ዘንጉን አግድም አድርገው ይለቁታል፤ ቀስ ብሎ በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደኅና ነው፤ ቶሎ ከወደቀ ግርጌው ከብዷል።

የእግሩን ዝላይ የሚውጠው ደግሞ ሞላ ያለበት ክንድ ነው። ተራ ሞላ በተሳበ ቁጥር የበለጠ ይጎትታል፤ ይህ ክንድ ግን እንደ ጠረጴዛ መብራት ክንድ መገጣጠሚያዎቹ ተደራጅተው፥ ከፍም ቢል ዝቅም ቢል የሚያነሣው ኃይል ያው ሊሆን ጥቂት ብቻ እንዲቀረው ተደርጓል። በዚህም ምክንያት ሰውዬው ሲዘል ካሜራው በአየር ላይ እንደ ተንሳፈፈ ይቆያል። ክንዱ ከጠንካራ ሰደርያ ጋር ይያያዛል፤ ሰደርያውም ክብደቱን ከእጅ ወስዶ ለትከሻ፥ ይልቁንም ለዳሌ ይሰጣል።

ይህን ሐሳብ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ሕፃን በአንቀልባ ሲታዘል የእናቲቱ እጆች ነፃ ይሆናሉ፥ ክብደቱም በሰውነቷ ላይ ይከፋፈላል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ሕፃኑ ከጀርባ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ካሜራው ከሰውነት ርቆ በፊት በኩል ይንጠለጠላልና ተሸካሚውን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ከ20 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም እንዲህ ሲጎትት የታችኛው ጀርባ ጡንቻ ያለ ዕረፍት ይታገላል። ክብደቱ ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ እንዲያውም የሰደርያውና የክንዱ ክብደት ተጨምሮበታል። ስለዚህ ሙያው ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ ነው።

ዮሃን ሄልስተን የተባለ ስዊድናዊ የካሜራ ሰው ደግሞ የጀርባ ሕመም ስለ አስቸገረው በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣው የእርሱ «ኢዚሪግ» ከጀርባ ተነሥቶ በራስ ላይ የሚያልፍ ቆልማማ ብረት አለው፤ ከጫፉ በሚወርደው ገመድ ካሜራው ይንጠለጠላል፥ ክብደቱም በቀበቶው በኩል ወደ ዳሌ ይወርዳል። ክንድና አንገት ያርፋሉ፤ ነገር ግን እርምጃን እንደ ስቴዲካም አይውጥም።

ዛሬ በከተማችን ሠርጎች ላይ አብዝተን የምናየው ከሁለቱም የተለየ ነው፤ በእጅ የሚያዘውና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ጂምባል ነው። ሦስት ትንንሽ ሞተሮቹ የካሜራውን መዞርና መዘንበል በቅጽበት ያርማሉ። ከፍና ዝቅ ማለቱን ግን ሊያርሙ አይችሉም፤ ሞተሮቹ ያዞራሉ እንጂ አያነሡምና። ስለዚህ ነው ፊልም አንሺው ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ እንደ ድመት የሚራመደው። ክብደቱም ያው በእጁ ላይ ነው፤ ክንዱም ከሰውነቱ እየራቀ በሄደ መጠን ትከሻው የሚሸከመው ይከብዳል። መሣሪያው ቀላል ነው ተብሎ ይመሰገናል፤ ለ5 ደቂቃ ለያዘው ሰው እውነት ነው።

በትልልቅ ፊልሞች ሥራ ላይ ወደ ኋላ የሚሄደውን ካሜራማን ከኋላው ሆኖ ወገቡን ይዞ የሚመራው ረዳት አለ። በጥምቀት ዕለት ታቦታት በሠፈራችን ሲያልፉ፥ ወጣቶች በፊታቸው ምንጣፍ እየጠቀለሉ እየሮጡ ያነጥፋሉ፤ ፊልም አንሺውም በዚያ ምንጣፍ ዳር ወደ ኋላ ይሄዳል። አንዳንዱ ጓደኛውን ቀበቶውን አስይዞ ይመጣል፤ ሌላው ግን መንገዱን የሚያውቀው በተረከዙ ነው።