ክብደት ሲወርድ ሪህ ለምን ይነሣል?

የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ውሎ አድሮ ሪህን ያስታግሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ታካሚ የእግሩ አውራ ጣት ቀልቶና አብጦ አንሶላ እንኳ አላስነካ ሲለው፣ ቀዶ ሕክምናው የተበላሸ ይመስለዋል።

የሪህ መነሻ በደም ውስጥ የሚበዛ ዩሪክ አሲድ ነው። በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ሲያልፍ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ውፍረት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ከፍ ያለ ኢንሱሊን ኩላሊት አሲዱን በሽንት እንዳያስወጣ ያደርጋልና። ስለዚህ ክብደት ሲቀንስ ሪህም ቢቀንስ አያስገርምም። ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙ ታካሚዎችን ለዓመታት የተከታተለው የስዊድን ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት በሪህ የመያዝ ዕድላቸው ካላደረጉት በ40 በመቶ ገደማ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል።

የመጀመሪያው ወር ግን ሌላ ነው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ጥናት፣ ሪህ ኖሯቸው ቀዶ ሕክምናውን ካደረጉ 99 ሰዎች 17.5 በመቶው በዚያ ወር ሕመሙ እንደተነሣባቸው መዝግቧል፤ ሌላ ዓይነት የሆድ ቀዶ ሕክምና ካደረጉት የተነሣባቸው 1.8 በመቶው ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ይታወቃል። ምግብ በድንገት ሲቀንስ ሰውነት ስቡን ያነዳል፤ ከዚያ የሚወጣው ኪቶን በኩላሊት በኩል ለመውጣት ከዩሪክ አሲድ ጋር ይሻማል። የጠበበ ጨጓራ ውኃ በትንሽ በትንሹ ስለሚቀበል ፈሳሽ ያጥራል። አንዳንዱም የሪህ መድኃኒቱን ያቋርጣል።

ሕክምናውም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጨጓራ ባይፓስ ከተባለው የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ቁስለት ስለሚያመጡ አይመከሩም። ሐኪሙ የኩላሊትን አቅም አይቶ ኮልቺሲን በዝቅተኛ መጠን ወይም ለአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ሊያዝ ይችላል።

ሪህ ብቻውን አይደለም። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሐሞት ጠጠር ይበዛል፤ ከባይፓስ በኋላ ኦክሳሌት የኩላሊት ጠጠር ሊፈጥር ይችላል፤ ብረት፣ ቢ12 እና ቫይታሚን ዲ ያንሳሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የማያቋርጥ ትውከት የሚያስከትለው የታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) እጥረት ነው፤ በሳምንታት ውስጥ አንጎልን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ማንም ትውከቱን «ይለመዳል» ብሎ ዝም ሊለው አይገባም።

ሪህ ያለባችሁ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ አሎፑሪኖል የተባለውን የሪህ መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ። ያበጠ መገጣጠሚያ ትኩሳት ከጨመረበት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።