የስልክ ዘገባና የአዋሽ ሙቀት

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ሳምሰንግና ቴክኖን አወዳድሮ ለመግዛት ያሰበ ሰው ዘገባ ሲያነብ፣ ስልኩን ለጸሐፊው ማን እንደሰጠው ይጠይቅ። አምራቾች አዲስ ስልክ ለገበያ ሳይቀርብ ለመረጧቸው ጋዜጠኞች ይልካሉ፤ ነቀፌታ ያበዛ ጋዜጠኛ በቀጣዩ ዙር ሊታለፍ ይችላል። የጥቂት ቀናት ሙከራም የባትሪን ጉድለት ላያሳይ ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ብዙዎች ያሞገሱት ጋላክሲ ኖት 7 ባትሪው እሳት በማስነሳቱ ሳምሰንግ 2.5 ሚሊዮን ያህል ስልኮችን ለመሰብሰብ ተገዷል።

ለእኛ ዋናው ጉዳይ ሙቀቱ ነው። አፕል አይፎን እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት እንዲሠራ መዘጋጀቱን ይገልጻል፤ የአዋሽ የግንቦት ቀትር ከዚህ ያልፋል። አወዳዳሪ ዘገባዎች ይህን እምብዛም አያነሡም። ያንኑ ስልክ ይዞ ግንቦትን እዚህ ያሳለፈ ጎረቤት ግን ያውቀዋል።

የተከፈለበት ሙገሳ ከሆነም፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከዜና በቀላሉ እንዲለይ ያዛል።