ሙቀት የማያሳጥረው የፖሊፕሮፒሊን ክር

ፖሊፕሮፒሊን ጆንያ፥ ገመድና ምንጣፍ የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ክር መሆኑ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ኢጣልያዊው ሊቅ ጁልዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ጽኑ የሆነውን ዓይነት በሚላኖ ሠርቶ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ክሩ ቀላልና ውሃ የማይመጥ ቢሆንም አንድ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ሲሞቅ መኮማተሩ ነው። የምንጣፍ ጀርባ የሚቀባው ማጣበቂያ በጋለ ምድጃ ውስጥ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ 4 ሜትር ስፋት ያለው ምንጣፍ ከመቶ 5 እጅ ቢኮማተር 20 ሳንቲ ሜትር ይጐድላል፤ ኪሣራውም በመጨረሻ በዋጋው ላይ ይታከላል።

ምክንያቱ በአሠራሩ ላይ ይገኛል። የቀለጠው ፕላስቲክ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወጥቶ ክር ከሆነ በኋላ እንዲጠነክር ይሳባል። ከረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች ከፊሎቹ ክሪስታል ሆነው በሥርዓት ይደረደራሉ፤ የቀሩት ግን እንደ ተሳበ ላስቲክ ተወጥረው ይቈያሉ። ሙቀት ሲያገኛቸው ይሸበሸባሉ፥ ክሩም ያጥራል።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ክሪስታል አስጀማሪ ንጥረ ነገር ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት፥ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ከአንድ እጅ በታች ሲሆን፥ ሥራው እርሾ በሊጥ ውስጥ እንደሚሠራው ያለ ነው። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ክሪስታሎቹ ገና በከፍተኛ ሙቀት ላይ ሳለ መሠራት ይጀምራሉ፤ በቁጥርም ይበዛሉ። የአሳሳቡ ልክ ከተስማማ፥ የጸኑት ክፍሎች የተወጠሩትን ስለሚይዙ ክሩ በሙቀት ብዙ አያጥርም። ለዚህ ተግባር ሶዲየም ቤንዞኤትና ከሶርቢቶል የሚገኙ ውሁዶች ያገለግላሉ። የሶርቢቶሎቹ ብልጫ በቀለጠው ፕላስቲክ ውስጥ መሟሟታቸው ነው፤ በሚገባ ያልተበተነ ዱቄት ግን ቀዳዳውን ይደፍናል፥ ክሩንም ይበጥሳል።

ይሁን እንጂ አስጀማሪው ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አሳሳቡና ከዚያ በኋላ የሚደረገው የማሞቅ ሥራም ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ክር የሚያስመጣ ነጋዴ ከሻጩ የኩምትርታውን ቊጥር፥ የተፈተነበትን ሙቀትና የቈየበትን ጊዜ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። በፈላ ውሃ የተፈተነ ክርና በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትኩስ አየር የተፈተነ ክር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ ፈተናው ሳይነገር የሚቀርብ ዝቅተኛ ቊጥርም ገዢን ያሳስታል።